የፌኖቮላ ፀጉር በሙሴ ኦክታቭ መስኮት

የወንድሜ ልጅ ፌኖቮላ በፎቶ አንሺው በሙሴ ኦክታቭ መስኮት ላይ ፀጉሯን ፈትታ ተሰቅላለች ብሎ የነገረኝ ጃኦማዲ ነው። ጃኦማዲ እውነትና ቀልድ በአንድ አፍ የሚያወጣ ሰው ስለሆነ መጀመሪያ አላመንኩትም። የእሱ ጎሳና የእኛ ጎሳ ከቅድመ አያቶቻችን ጀምሮ የተሰዳዳቢ ወገኖች ናቸው። ስድቡ ሰላምታችን ነው። እሱ ቤቴ ገብቶ ድስቴን ከፍቶ ቢበላ አልከሰውም፤ እኔም ገበያ መሃል ሌባ ብዬ ብጮህበት አይቀየመኝም፤ ከተቀየመ የሚቀጣው ራሱ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ክፉ ወሬ ይዞ ሲመጣ ማን ያምናል?

"አንቺ አሮጊት" አለኝ ደጄ ላይ ቆሞ፣ "ሩዝ ትለቅሚያለሽ እንዴ? ለቅሶ ላይ ያለ ቤት ሥራ አይሠራም።"

"የማን ለቅሶ ነው? ያንተ ከሆነ ይቺኑ ሩዝ ለቀብርህ እቀቅላታለሁ።"

"የኔማ ቢሆን ምን ከፋኝ፣ በልቼ እሞት ነበር። ሂጂና የሙሴን መስኮት እይ። ፌኖቮላሽ እዚያ ናት፤ ፀጉሯ ትከሻዋ ላይ ተበትኗል። እኔ ቆሜ እያየሁ ሴቶች አፋቸውን በትከሻ ልብሳቸው፣ በኪሳሊያቸው ሸፍነው ያልፋሉ።"

"አትቀልድ፣ ጃኦማዲ።"

"አልቀለድኩም" አለና ደፉ ላይ ቁጭ አለ። ሳይሰድበኝ ዝም ብሎ ሲቀመጥ በሕይወቴ አይቼው አላውቅም። ያኔ ልቤ ስንጥቅ አለ፤ ሩዙን ከነሰፌዱ ጥዬ ተነሳሁ።

በእኛ ዘንድ ሴት ፀጉሯን ፈትታ ከደጅ የምትታየው ንጉሥ ወይ ንግሥት ሲመለስ ብቻ ነው። ሞተ አይባልም፤ ተመለሰ ነው የሚባለው። ያን ጊዜ ሴቱ ሁሉ ሽሩባውን ይፈታል፣ ጌጡን ያወልቃል፣ ፀጉሩን እንደተበተነ ለንፋስ ይሰጣል። ከዚያ ውጪ ፀጉር የሚፈታው ለመታጠብና ለመሠራት ነው፤ እሱም በር ተዘግቶ። ንግሥቲቱ በሕይወት እያሉ ፀጉሯን ፈትታ የታየች ሴት ሞታቸውን ጠራች ማለት ነው። ሞት የጠራች ሴት ደግሞ ከቤተሰቧ መቃብር ትወጣለች። አትገደልም፣ አትታሰርም፤ ስትሞት ብቻ የትም ትቀበራለች፣ ከወገኖቿ ርቃ፣ እንደ ውሻ።

ለሌላ ሰው ይህ ቀላል ሊመስል ይችላል። ፌኖቮላ ግን እናቷን አታውቃትም። እናቷ እሷን ስትወልድ ነው ያለፈችው። አራስ ልጅ ታቅፌ ያሳደግኳት እኔ ነኝ፤ በእግሯ መሄድ እንደጀመረች በታንኳ ወንዙን እያሻገርኩ መቃብሩ ዘንድ እወስዳት ነበር። ሁልጊዜ ድንጋዩን ዳብሳ "አንድ ቀን አብረን እንሆናለን" ትላለች። ለእሷ እናት ማለት ያ ቦታ ነው። እሱን መከልከል እናቷን ዳግመኛ መግደል ነው።

በዚያ ላይ ጊዜው ክፉ ነበር። ንግሥቲቱ ከዝናቡ መግቢያ ጀምረው "ሞቃት" ሆነዋል። ታመሙ ማለት ክልክል ስለሆነ እንዲያ ነው የምንለው። ከተማው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያወራል፣ ሕፃን ሲያለቅስ እንኳ አፉን ያፍኑታል። እንዲህ ባለ ሰሞን ነው እንግዲህ የኔ ልጅ በመስኮት የታየችው። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል።

ነገሩ እንዴት እንደሆነ ለማወቅ ብዙ ማሰብ አላስፈለገኝም። ሙሴ ኦክታቭ ከሬዩኒዮን ደሴት ሳጥኑንና ባለሦስት እግር እንጨቱን ይዞ እኛ ከተማ፣ አምባቶማይንቲ ከወረደ ወዲህ ሴቱ አብዷል። ፎቶግራፍ ያልተነሳች ሴት ባል እንዳጣች ነው የምትታየው። ከደረት እስከ ቁርጭምጭሚት የሚጠቀለለው ሳሉቫናና ትከሻ ላይ የሚጣለው ኪሳሊ ከአንድ ጣቃ የተቆረጡ ካልሆኑ የምትነሳ የለችም። የብር ሰንሰለቱ፣ የጆሮው ወርቅ፣ የአፍንጫዋ ፈርጥ ከጎረቤት ተለምኖ ይመጣል። ፊታችን ላይ የምንቀባውን የሰንደል ልቁጥ ግን ሙሴ አይወድም። "ቢጫው በእኔ መስታወት ላይ ጥላሸት ነው የሚሆነው፣ ታጠቡልኝ" ይላል። ስንቷ ናት ባዶ ፊቴን ለመንገደኛ አላሳይም ብላ እየተሳደበች የሄደችው።

ፌኖቮላ የተነሳችው ዝናቡ ከመግባቱ በፊት ነው። ሽሩባዋ አዲስ እንዲሆን ብዬ ማበጠሪያዬን ይዤ ሙሴ ቤት፣ ከጀርባ ባለው ክፍል ውስጥ በሩን ዘግቼ ፈታሁት፣ አበጠርኩት። እየቀባሁ ሳለ የኮኮናት ዘይቱ አለቀ። ሕንዱ ነጋዴ ሱቅ ሄድኩ፤ እሱ ሰውዬ ዘይት ሲቀዳ ጠብታ እየቆጠረ ነው። ስመለስ ፌኖቮላ እዚያው ክፍል ጠበቀችኝ፤ ሠራኋት፤ ተነሳች፤ ፎቶው ደረሰ፤ ቤታችን ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ሽሩባዋ እንደ በቆሎ ፍሬ ተደርድሮ፣ እጇ ጉልበቷ ላይ፣ አገጯ ከፍ ብሎ፤ ንጉሥ የሚያገባት ትመስላለች። በመሃል ሌላ ነገር መደረጉን ግን አላወቅኩም ነበር፤ እሷም አላወቀችም።

ፌኖቮላን ከጓዳ ጠርቼ፣ ጃኦማዲን አስከትለን መንገድ ላይ እየተራመድን "ምን አደረግሽ?" አልኳት።

"ምንም አላደረግኩም፣ አክስቴ። አንቺ ዘይት ልትገዢ ስትወጪ ሙሴ መጣና ብርሃኑን ልለካ፣ አንድ ጊዜ ወንበሩ ላይ ቁጭ በይልኝ አለኝ። ማንም የለም ብዬ ቁጭ አልኩ። ጥቁሩ ጨርቅ ውስጥ ገባ፣ ወጣ። አመሰግናለሁ አለኝ። በቃ።"

"ሲለካና ሲያነሳ አትለዪውም?"

"አንቺ ትለዪዋለሽ?"

ልጅቱ እውነቷን ነው። ሰውየው ቀኑን ሙሉ እዚያ ጨርቅ ውስጥ ሲገባና ሲወጣ ነው የሚውለው።

ደረስን። መስኮቱ ላይ የወደቡ ሹም ሚስት አለች፣ የሁለት ነጋዴዎች ልጆች አሉ፤ በመሃላቸው ግን ባዶ ቦታና ሁለት ምስማር ብቻ ነበር። ለአፍታ ደስ አለኝ፤ ጃኦማዲን ዞሬ ልሰድበው አፌን ከፈትኩ።

ሙሴ ኦክታቭ እጁን በፎጣ እየጠረገ ወጣ። ቋንቋችንን የተማረው ከመርከበኞች ስለሆነ ለሽማግሌም ለሕፃንም የሚያወራው እንደ መልህቅ ጎታች ነው። "ኧረ! ቆንጆዋ መጣች! ዓለምን የሚያስንቅ ነው ያንቺ ምስል፣ ታውቂያለሽ? ምነው ቀደም ብለሽ ብትመጪ፣ ዛሬ ገና ብሰቅለው አሁን ወሰዱት።"

"ማን ወሰደው?" አልኩ።

"አንድ ሽማግሌ። ቆሞ አየ፣ አየ፣ አየ። ከንፈሩ ይንቀጠቀጣል። እኔ ይሄን ያህል ዓመት ስሠራ በኔ ሥራ ፊት እንዲህ የቆመ ሰው አልገጠመኝም። ልግዛው አለኝ፣ እኔ ደግሞ ልቤ ተነካ፤ በነፃ ሰጠሁት።"

"ዱላው ጫፉ ብር ነው?"

"አዎ፣ ብር ነው። ታውቂዋለሽ?"

ጃኦማዲ ከኋላዬ "እናውቀዋለን" አለ። "ቤፋኒሪ ይባላል። የንግሥቲቱ አፍ ነው። ሕግ አፍርሰሃል የሚለው እሱ ነው፣ ከመቃብር ውጣ የሚለውም እሱ። እጅህ ይባረክ፣ ሙሴ፤ ገመዱን በነፃ ሰጠኸው።"

ስናስረዳው ሙሴ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ፊቱ ሲገረጣ አየሁት። ተነስቶ ወደ ጨለማው ክፍሉ ገባና የመስታወቱን ሰሌዳ ይዞ መጣ። ወረቀቱ ሁሉ የሚታተመው ከዚህ ነው፤ ይኼ ከተሰበረ ሌላ አይወጣም፤ ልስበረው? አለኝ። እጁ ግን ሰሌዳውን እንደ ጥጃ አቅፎታል።

"ምን ዋጋ አለው" አለ ጃኦማዲ። "ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው።"

"ይሰበር" አልኩ እኔ፣ "አምጣው፣ እኔ እሰብረዋለሁ።"

ሰጠኝ። ወደ ብርሃኑ ሳነሳው በመስታወቱ ላይ ያለው ነገር ሁሉ ተገልብጧል። ነጩ ጨርቅ ጠቁሯል፣ ጥቁሩ ፀጉሯ ደግሞ ነጭ ሆኗል። ፌኖቮላ አርጅታ፣ ሸብታ፣ ከፊቴ የተቀመጠች መሰለኝ። እኔ የማልደርስበት ዕድሜ ላይ ሆና አየኋት። እንዴት ብዬ ልስበራት? መልሼ ሰጠሁትና "ደብቀው" ብዬ ወጣሁ። ጃኦማዲ እንኳ አልሰደበኝም።

መልእክተኛው የመጣው በማግስቱ ጠዋት ነው። ከደጅ ሳይገባ ቆሞ እንደ ሸመደደ ሰው ተናገረ፦ "ፌኖቮላና አክስቷ ወደ ግቢ ይምጡ ተብሏል። ልጅቱ በምስሉ ላይ እንዳለችው ሆና ትምጣ። ፀጉሯ ተፈትቶ፤ እስክትደርስ ግን ኪሳሊዋን ትከናነብ።"

"ማን ነው ያለው? ንግሥቲቱ ናቸው ወይስ ቤፋኒሪ?"

"ተብሏል ነው የተባልኩት" ብሎ ሄደ።

ወጥመድ መስሎኝ ነበር። በምስል የታየው ሳይበቃ በአካል ልትታይ ነው፤ ከዚያ ምን ክርክር ይኖራል? እንቢ ብንል ደግሞ ትእዛዝ ጣስን። ልጅቱን በሁለት ጉልበቶቼ መሃል አስቀመጥኳት። ወለሉ ላይ ሆና አንገቷን ደፋ አደረገች። ትናንት የሠራሁት ይመስል ያማረ ሽሩባ ነበር፤ አንድ በአንድ መፍታት ጀመርኩ። እጄ ሽሩባ ሲሠራ ነው የኖረው።

"አክስቴ" አለች ፌኖቮላ፣ "ባልሄድስ? ጃኦማዲ ታንኳ አለው። ማጁንጋ ከተማ ብገባ ማን ያገኘኛል?"

"ማጁንጋ ማን አለሽ?"

"ማንም።"

"እዚህስ?"

አንገቷን ወደ ወንዙ በኩል አዞረች። እዚህ ያለኋት እኔ ነኝ፤ ግን እኔን አላሰበችም። ወንዙ ማዶ ያለውን ድንጋይ ነው ያሰበችው። ስታለቅስ ማበጠሪያውን አስቀምጬ ያዝኳት። እናቷ ስትሞት በዓይኔ ያየሁ ሆኜ እንኳ ቀናሁባት፤ ያቺ ሟች ልጅቷን ሳታሳድግ ይሄን ያህል ፍቅር ወሰደች።

ከቤት ስንወጣ ኪሳሊውን እስከ ቅንድቧ ድረስ አከናነብኳት። ሰፈሩ ሁሉ በየደጁ ቆሟል። ያን ጊዜ ጃኦማዲ ከፊታችን ገብቶ ጩኸቱን ለቀቀው። "ገለል በሉ፣ የዝንጀሮ ዘመዶች ያልፋሉ! ይቺን አሮጊት አያችኋት? ትናንት ከድስቷ ሥጋ ብሰርቅ አጥንት ሆኖ አገኘሁት! የእነዚህ ጎሳ እንኳን ሰው ዓሣም አያምናቸው!" እየዘለለ፣ እየተሽከረከረ፣ መሬት ላይ እየወደቀ ይጮኻል። ወደው አይስቁ፤ ሴቶቹ ሳቁ። ልጆቹ ተከተሉት። ሰዉ ሁሉ እሱን ሲያይ እኛን ያየ አልነበረም። አንድ ጊዜ ብቻ ዞር ብሎ ወደ እኔ ተመለከተ፤ ላብ በላብ ሆኗል። ያን ዕለት ስለ ሰደበኝ ሁሉ እግዜር ይስጠው።

ከግቢው አጥር ስንደርስ የተሰፋ ልብስ አይገባምና ጃኦማዲ ሸሚዙን አወለቀ፤ እኛም ባዶ እግራችንን ገባን።

ንግሥቲቱ አልጋ ላይ ናቸው፤ ከጀርባቸው ትራስ ተደርድሯል። ካየኋቸው ብዙ ጊዜ ነበር። ፊታቸው ላይ የቀረው ዓይናቸው ብቻ ነው፤ የሰንደሉ ልቁጥ ተቀብቶላቸው እንኳ አጥንታቸው ይታያል። አልጋው እግር ላይ ቤፋኒሪ በዱላው ተደግፎ ቆሟል፤ ዓይኑ ሲያለቅስ ያደረ ሰው ዓይን ነበር። አንገታችንን ደፍተን መሬት ላይ ተቀመጥን።

"እመቤቴ" አለ ቤፋኒሪ፣ "ልጅቱ መጥታለች። ሕጉን እኔ አላወጣሁትም፤ ከአያቶችዎ ነው የተቀበልነው። ይህ ምስል ከዝናቡ በፊት ነው የተሠራው። እርስዎ የሞቁት በዝናቡ ነው። ልጅቱ ፀጉሯን ፈታች፣ ቤታችን ነደደ። እኔ ለሌላ አልልም፣ ለእርስዎ ስል ነው። ከመቃብሯ ትውጣና ጥሪው አብሯት ይውጣ።"

ጃኦማዲ ብድግ አለ። "እኔ ነኝ የፈታሁባት! ጎሳዬ ለጎሳዋ የማይፈታው ነገር የለም፤ እየቀለድኩ ነው የፈታሁት፤ ቅጣቱም የኔ ነው፣ በሬ ከሆነ በሬ፣ ጠጅ ከሆነ..."

"ቁጭ በል" አሉ ንግሥቲቱ።

ቁጭ አለ። ድምፃቸው ቀጭን ነበር፤ ግን ቀድመን የተቀመጥነው እንኳ ደግመን ልንቀመጥ ምንም አልቀረንም።

"አንተ ጃኦማዲ፣ ስንት ዓመት ትዋሻለህ? ይቺ ልጅ አንተ ፀጉሯን ስትነካ እጅህን በነከሰችህ ነበር።" ከትራሳቸው ሥር አንድ ወረቀት አወጡ። ጥግ ጥጉ ተጨማዷል። ምስሉ እዚያ ነበር ለካ፤ ትናንት ሌሊቱን አብሯቸው ያደረው። "ልጄ፣ ነይ እዚህ። ኪሳሊውን አውርጂው።"

ፌኖቮላ ተነስታ ሄደች፣ አልጋው አጠገብ ተንበረከከች። ኪሳሊውን ስታወርድ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስከፍት ንግሥቲቱ አንዴ ምስሉን፣ አንዴ ልጅቱን እያዩ ነበር። ፀጉሯ ትከሻዋን አልፎ ወርዷል፤ ቤፋኒሪ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል።

"አባቴ ሲመለሱ ሕፃን ነበርኩ" አሉ። "አገሩ ሁሉ ፀጉሩን ፈትቶ ከባሕሩ ዳር እስከ ኮረብታው ቆሟል። እኔም ቆሜያለሁ። ሁሉም አየው፤ ያላዩት እሳቸው ብቻ ናቸው። ያ ሁሉ ፀጉር የተፈታው ለእሳቸው ነው፣ ያላዩት ደግሞ እሳቸው። ከእኔ በፊት የነበሩት ሁሉ እንዲሁ ሳያዩ ሄዱ።" ምስሉን ወደ ፊታቸው ጠጋ አደረጉት። "እኔ ግን አየሁ። ሌሊቱን ሳየው ነው ያደርኩት። ያምራል። እንዲህ የሚያምር አልመሰለኝም ነበር።"



"ልጄ፣ ይህን ሲያነሱሽ ምን እያሰብሽ ነበር? ፊትሽ ላይ ያለው ሐዘን እውነተኛ ነው። ስለ እኔ ነበር?"

ፌኖቮላ ወደ እኔ ዞር ብላ አየችኝ። መዋሸት እንደምትችል አወቅኩ፤ አዎ ብትል ደስ ያሰኛል፣ ያድናታል ብዬ አሰብኩ። በልቤ በይ፣ በይ እላለሁ።

"አይደለም፣ እመቤቴ" አለች ልጅቱ በቀስታ። "አክስቴ ዘይት ልትገዛ ሄዳ ቆየችብኝ። ለምን እንዲህ ትዘገያለች ብዬ ነበር።"

ቤፋኒሪ ከግድግዳው ዞረ። ንግሥቲቱ አፋቸውን ከፈቱና ሳቁ። ከደረታቸው የወጣ ሳቅ ነበር፤ ሳል ሆነ፣ ተመልሶ ሳቅ ሆነ፣ እንባቸው በሰንደሉ ላይ መስመር ሠራ። አገልጋይቱ ውሃ ይዛ ሮጠች፤ በእጃቸው መለሷት።

"ዘይት!" አሉ። "እኔ እኮ ሌሊቱን ሙሉ ለእኔ ያዘነች መስሎኝ አለቀስኩ። ቤፋኒሪ፣ ሰማህ? ሞቴን የጠራው የኮኮናት ዘይት ነው። ዘይቱን ከመቃብር እናስወጣው?"

"እመቤቴ፣ ሕጉ..."

"ሕጉን አውቀዋለሁ። የተፈታ ፀጉር የኔ ነው፤ የማንም አይደለም። ባለቤቱ እኔ ነኝ፣ አይቼዋለሁ፣ ተቀብያለሁ። የተበደለ ማን አለ? ቀድሞ ደረሰ፣ ያን ያህል ነው።" ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "የሞቅኩት ዕድሜዬ ስለደረሰ ነው፣ ወዳጄ። ልጅቱ ፀጉሯን ስለታጠበች አይደለም። አንተም ታውቀዋለህ።"

ሽማግሌው ዱላውን መሬት ላይ አስተኛው። ተንበርክኮ ግንባሩን በአልጋው ጠርዝ ላይ አሳረፈ። ክፉ ሰው አይደለም። የሚወዳትን ሴት ለማቆየት ያገኘውን ሁሉ ይይዛል፣ የሰው ልጅም ቢሆን።

"ልጅቱ ከእናቷ ዘንድ ትቀበራለች" አሉ ንግሥቲቱ። "በጊዜዋ። አርጅታ። ይህ በእኔ አፍ የተነገረ ነው፣ ማንም አይመልሰው። ምስሉ እኔ ዘንድ ይቆያል።"

እኔ ምን እንደሆንኩ አላውቅም። ወደ ጎኔ ዘመም አልኩ። ጃኦማዲ ክንዴን ያዘኝና በጆሮዬ "አሮጊት፣ እዚህ ከሞትሽ ተሸክሜ አልወጣም" አለኝ፤ ያን ጊዜ ሳቅም ለቅሶም በአንድ ላይ ወጣብኝ። እፎይ ማለት እንዲህ እንደሚያም አላውቅም ነበር።

"ሶአቬሎ" ሲሉ ሰማሁ። ስሜን ያውቁታል ብዬ አስቤ አላውቅም። "ማበጠሪያሽን ይዘሻል?"

"ይዣለሁ፣ እመቤቴ።" ሽሩባ ሠሪ ያለ ማበጠሪያ የትም አይሄድም።

"እንግዲያው እዚሁ ፊቴ ሥሪያት። እኔ ገና አለሁ። ፀጉሯ ተፈትቶ ከግቢዬ አትወጣም።"

ከአልጋው ሥር፣ እሳቸው በሚያዩበት፣ ፌኖቮላን አስቀመጥኳት። አገልጋይቱ ዘይት አመጣች፤ ስታቀብለኝ ንግሥቲቱ እንደገና ፈገግ አሉ። ከግንባሩ ጀመርኩ።  ቤፋኒሪ ከወለሉ ሳይነሳ ያያል። ጃኦማዲ በሩ አጠገብ ጥግ ይዞ ተቀምጦ እንቅልፍ ያዘው፤ ያንኮራፋል፤ ማንም አልቀሰቀሰውም። ንግሥቲቱ ምስሉን ደረታቸው ላይ አድርገው እጄን እየተከተሉ ያዩኛል፤ ማየቱ የበቃቸው መስሎኝ ቀና ስል ዓይናቸው ከእጄ ላይ አልተነሳም።

"ሶአቬሎ።"

"እመቤቴ።"

"ጠበቅ አድርገሽ ሥሪው" አሉኝ። "ቶሎ እንዳይፈታ።"

ጠበቅ አደረግኩት። ፌኖቮላ እስክታለቅስ ድረስ አጠበቅኩት፤ እሷም ቀስ በይ አላለችኝም።